የውኃ ውስጥ ሰምና ወርቅ

ከተማችን የላስቲክ አበባ ወዳጅ ሆናለች። በሆቴሉ መግቢያ፣ በሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል፣ በሠርግ አዳራሹ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዓመት ከዓመት የማይጠወልግ፣ አቧራ እንጂ ጤዛ የማያውቅ አረንጓዴ ተደርድሯል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልሁ ነበር። ዳሩ ግን ወደ ውኃም ገብቷል። አኳሪየም ብለን የምንጠራው የዓሣ መስታወት ባለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ሕያው ዓሣ በሙት ቅጠል መካከል ሲመላለስ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ዓሣ መስታወት መጻፌ ግር ያሰኛችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። የማወራው ስለ ንባብ ነው፤ ቅጠልም እንደ ቅኔ ይነበባልና።

አሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዓሣ በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የሚያኖር ሰው ከላስቲኩ ይልቅ ሕያው የውኃ ተክል ቢያሳድግ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቴ ውበት ብቻ አይደለም። ሕያው ተክል ስለሚኖርበት ውኃ እውነቱን ይናገራል፤ ላስቲክ ግን ውኃው ቢታመምም ባይታመምም መልኩ ያው ነው። ይህን የቅጠል ንግግር ማድመጥ ያልለመደ ሕዝብ ደግሞ በታላቁ ሐይቁ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ ይሳነዋል። ወደዚያ እደርሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከትንሿ መስታወት ልነሣ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ገቢን ከወጪ ማስታረቅ ነው። የሮበርት ዋሪንግተን ታሪክ ልቤን የሚማርከው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል። ይህ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1849 ለንደን ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለ፣ ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የሚረዝም የውኃ ተክል በአንድ ዕቃ አኖረ። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ በብርሃን አስተፃምሮ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያስወጣውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል፤ እንዲህ ሆኖ ሒሳቡ ይዘጋል የሚል አሳብ ነበረው። ለጥቂት ጊዜ እንዳሰበው ሆነ። ውሎ አድሮ ግን ያረጀው ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አደፈረሰው፤ መስታወቱንም አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አለበሰው። ዋሪንግተን ተክሉን ነቅሎ አልጣለም። የጎደለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ የኩሬ ቀንድ አውጣዎችንም ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉ፣ ዝልግልጉን ላሱ፣ ውኃውም ጠራ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1850 በለንደን የኬሚስቶች ማኅበር ፊት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዓሣና ተክልን አስማምቶ ማኖር የሚባለው ጥበብ ሁሉ ከዚህች ዕቃ የተቀዳ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እኔም ከእርሱ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡ አልታረቅ ሲል የጎደለችው መስመር ትፈለጋለች እንጂ መዝገቡ አይቀደድም።

ለመሆኑ በመስታወቱ ውስጥ የሚካሄደው ምንድን ነው? ዓሣው ከሚያስወጣውና ሳይበላ ከቀረው ምግብ አሞንያ ይወጣል። አሞንያ ለዓሣ መርዝ ነው። በጠጠሩ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። ተክል በሌለበት መስታወት ናይትሬቱ ሰው ውኃውን ቀድቶ እስኪለውጥ ድረስ ይጠራቀማል። ሕያው ተክል ባለበት ግን አሞንያውም ናይትሬቱም ምግብ ነው፤ ለዓሣው ጉድፍ የሆነው ለቅጠሉ እንጀራ ይሆናል። የላስቲኩ ቅጠል ከዚህ ሁሉ አንዳች አይወስድም፤ አንዳችም አይሰጥም። በሒሳብ ቋንቋ ብናገር፣ ስሙ በመዝገብ ተጽፎ አንድም ቀን ያልተንቀሳቀሰ ደብተር ነው።

ለእኛ ለእንጦጦ ሥር ሰዎች ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ገበያ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰፈር ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በእኩል ሙቀት ላይ ያለ ውኃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቅዝቃዜያችን ጥቂት ይክሰናል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ይልቅ ኦክስጅን ይይዛልና። ቢሆንም መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ቀን ከሆነ፣ ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ኦክስጅን የሚያፈልቀው ሕያው ቅጠል ብቻ ነው። ሌሊት ግን ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይተነፍሳል። ዓሣ በማብዛት መስታወቱን ማጨናነቅ የማይገባውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ ልግባ። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። የቅጠልም ቋንቋ እንዲሁ ነው። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከላይ ያለው ለጋ አረንጓዴ እንደሆነ ከቀጠለ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ተክሉ ናይትሮጅንን ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ያሻግራል፤ እናት ከአፏ ነጥቃ ለልጇ እንደምታጎርሰው ማለት ነው። በተቃራኒው ለጋው ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የጎደለው ብረት ሊሆን ይችላል። ብረት በአሮጌው ቅጠል ውስጥ አንዴ ከተቀመጠ በቀላሉ ስለማይዛወር የሚራበው አዲስ የሚወለደው ነው። አሮጌው ቅጠል እንደ ወንፊት ቀዳዳ ካበጀ ደግሞ ፖታስየም ይጠረጠራል። ልብ በሉ፤ ሰሙ አንድ ቢጫ ነው፣ ወርቁ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ላይ ላዩን የሚያነብ ሰው ሁለቱንም «ታሟል» ብሎ ያልፋቸዋል። ጠለቅ ብሎ የሚያነብ ግን የቱ ቅጠል፣ ከየት ጀምሮ፣ ከመቼ ወዲህ ብሎ ይጠይቃል። አንድን ግጥም የምናነብበት ትዕግሥት ከዚህ በምን ይለያል?

የአልጌም ነገር እንዲሁ ነው። መስታወቱን አረንጓዴ ሲሸፍነው የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ፍቆ ማጠብ ነው። በሳምንቱ ግን ይመለሳል። አልጌ ደብዳቤ ነውና፤ ብርሃኑ በዝቷል፣ ምግቡ ተርፏል፣ ይህን የሚጠቀምበት ተክል ግን አንሷል ይላል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን ለአብዛኛው መስታወት ይበቃል። የቀጥታ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ማስቀመጥ አልጌን መጋበዝ ነው። ለዓሣው የሚሰጠው ምግብ በጥቂት ደቂቃ በልቶ የሚጨርሰው ቢሆን ይመረጣል። በፍጥነት የሚያድጉ ተክሎችን ከመጀመሪያው ቀን አብዝቶ መትከልም አልጌውን ያስርበዋል።

የትኛው ተክል ይሻላል ለሚል፣ እኔ ከቀላሎቹ እንዲጀመር እመክራለሁ። ዋሪንግተን የተጠቀመበት ቫሊስኔሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ውስጥ ይበቅላል። ሴራቶፊለም የሚባለውና ቅጠሉ እንደ ጥድ የረቀቀው ተክልም በዚያው ሐይቅ አለ። ይህኛው እውነተኛ ሥር ስለሌለው የሚያስፈልገውን ሁሉ በቀጥታ ከውኃው ይወስዳል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣው አኑቢያስ ደግሞ በትንሽ ብርሃን ይኖራል፤ ነገር ግን ቅጠሎቹ የሚወጡበት ወፍራም አገዳ በጠጠር ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር በክር ቢታሰር ይበጀዋል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ለገበያ ከሚቀርቡት የውኃ ተክሎች ብዙዎቹ በችግኝ ጣቢያ የሚያድጉት ቅጠላቸው ከውኃ በላይ ሆኖ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገቡ የአየሩን ቅጠል አርግፈው የውኃውን ያበቅላሉ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ሞተ» ብሎ የሚጥለው ልብሱን በመለወጥ ላይ ያለውን ተክል ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ በአዳራሹ ያለውን የዓሣ መስታወት ትኩር ብለው ተመለከቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ቅጠል የእውነት ነው?»

«አይደለም እማማ፤ ላስቲክ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ዓሣው ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ያለኝ ይመስለኛል። ዓሣው ያውቃል፤ በስንፍጡ ያውቃል። በሚተነፍሰው ውኃ ያውቃል። የማናውቀው ከመስታወቱ ውጭ የቆምነው ነን፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ሁሉ ደኅና ይመስለናልና። አንድ ማለዳ ዓሣው በጀርባው ተንሳፎ ሲገኝ «ምን ነካው?» እንላለን። ሕያው ተክል ቢኖር ኖሮ ከሳምንታት በፊት በነገረን ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የዓሣ መስታወት ቅንጦት አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠጣ ውኃ ላጣ ቤት ስለ ዓሣ ማውራት ነውር ነው። ነገር ግን መስታወቱ አስቀድሞ ካለ፣ ውኃ ቆጣቢው ተክል ያለበት ነው፤ ናይትሬቱን ቅጠሉ ስለሚወስደው ውኃው ቶሎ ቶሎ መለወጥ አያስፈልገውም። ከመስታወቱ የሚቀዳው ውኃም ጓሮ ላለው ጎመን ማዳበሪያ ነው። የፈረቃው ልማዳችን እንኳ የሚረዳበት መንገድ አለ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ያደረ ውኃ ግን ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተንለታል። በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ማሳደርን ደግሞ አዲሱ ገበያ ያልለመደ ማን ይለምደዋል?

የጎላው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እርሱንም ራሴ ላንሣው። ሕያው ነገር ከአጥር ያልፋል። ላስቲክ ወንዝ ያቆሽሻል እንጂ ወንዝ ውስጥ አይዋለድም። ሕያው ተክል ግን ይዋለዳል። እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚያውቁትን አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ስለ አኳሪየም ባሳተመው መጽሐፍ እንግሊዞችን በባሕር ፍጥረት ፍቅር አሳበዳቸው። ባልዲና መረብ የያዘ ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 «አባትና ልጅ» በሚል ርእስ ባወጣው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ፣ በልጅነቱ ያያቸው የዓለት ኩሬዎች በዚህ የሰብሳቢ ጎርፍ እንዴት እንደተራቆቱ በሐዘን ይተርካል። የአባቱ ብዕር ያስወደደውን ነገር ያው ፍቅር አጠፋው። ወሰን የሌለው መውደድ እንዲህ ነው።

በእኛ አገር ይህን ትምህርት በተቃራኒው መንገድ የሚያስተምረን እምቦጭ ነው። እምቦጭ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የበቀለ ተንሳፋፊ ተክል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሐምራዊ አበባው ውበት ለኩሬ ጌጥ እየተባለ ከአገር ወደ አገር ተጋዘ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዘገበ። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን በእጥፍ ማባዛት ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ሽያጩን ያገደው ያለ ነገር አይደለም።

ይህ ከሰፈራችን የራቀ ነገር የሚመስለው ካለ የውኃውን መንገድ ይከተል። የእንጦጦ ጫፍ የውኃ ድንበር ነው፤ ከሰሜኑ ገጽ የሚወርደው ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ ከደቡቡ ገጽ የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያቀናል። ከጉለሌ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አቃቂ ይሄዳሉ፤ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ቆቃ ይገባል። አባ ሳሙኤልም ቆቃም እምቦጭ የለበሱ ውኃዎች ናቸው። እንግዲህ ከመስታወቱ የተከረከመን ማንኛውንም ተክል ወደ ጅረት የሚጥል ሰው፣ ደብዳቤውን በፖስታ ሣጥን እንደሚከት ሰው ነው፤ ይደርሳል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። የተከረከመ የውኃ ተክል በፀሐይ ደርቆ በአትክልት ሥር ይቀበራል፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቱቦ፣ ወደ ኩሬ ከቶ አይጣልም። እምቦጭም፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጌጥ አይያዝም።

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ጎጃም ያስገባናል፤ ባሕር ዳርም ያደርሰናል። እዚያ ጣና አለ፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ። በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ ይፋ ሆነ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ብርሃን ከለለ፣ የውኃውን ኦክስጅን ቀነሰ፣ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ አሰረ። ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ የነቀላ ዘመቻ ተካሄደ።

እኔ ስለ ጣና ስሰማ የምጠይቀው የመስታወቱን ጥያቄ ነው። ሰሙ ሐምራዊ አበባ ነው፤ ወርቁስ? እምቦጭ አየር በልቶ አይኖርም። በውኃው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመገባል፤ በሌሎች አገሮች ፍሳሽ ለማጣራት የተሞከረውም ይህ ጠባዩ ስለታወቀ ነው። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከተራቆተው ተራራ አፈር ተሸክመው ጣና ይገባሉ። ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው አብሮ ይወርዳል፤ የከተሞቹም ፍሳሽ ይጨመርበታል። እንግዲህ እምቦጭ ከእኛ እጅ የወጣውን ነገር ሁሉ ጠጥቶ በአረንጓዴ ፊደል መልሶ ጽፎልናል። «መጤ አረም» ብለን የምንሰድበው ተክል በጣና ላይ ስለ እኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው።

ይነቀል አይደለም ወይ? ይነቀል እንጂ! ምንጣፉ ሥር የሚታፈን ዓሣ የጥናት ውጤት እስኪወጣ አይጠብቅም። ግን እየተነቀለ ይነበብ። በመስታወቱ ላይ አልጌውን እየፋቀ ብርሃኑንና ምግቡን የማይቀንስ ሰው በሳምንቱ እንደገና ይፍቃል። በተራራው ላይ እርከን ሳይሠራ፣ የወንዙ ዳር ሣርና ደን ሳይለብስ፣ የከተማው ፍሳሽ ሳይጣራ እምቦጭን ብቻ የሚነቅል አገርም በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ እንደገና ይነቅላል። ዋሪንግተን ተክሉን አልረገመም፤ የጎደለውን ፈለገ። በ1849 በአንዲት ዕቃ ውኃ ላይ የሠራው ጥያቄ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ላይም ይሠራል።

ስለዚህ ነው፣ ውድ አንባቢ፣ ትንሿ መስታወት ትንሽ ነገር አይደለችም የምለው። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል በላስቲክ ፈንታ ሕያው ቫሊስኔሪያ የተተከለባት አንዲት መስታወት ቢኖረው፣ ልጆቹ ቢጫውን ቅጠል አይተው «ምን ጎደለ?» ማለትን ይማራሉ። ያ ልጅ አድጎ መሐንዲስ ወይም ሹም ወይም ገበሬ ሲሆን በሐይቅ ፊት ቆሞ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ላስቲክ ብቻ አይቶ ያደገ ልጅ ግን አረንጓዴ ሁሉ ጤና ይመስለዋል፤ ጣናም አረንጓዴ ለብሶ ሲያይ አምሮበታል ሊል ይችላል። ይህን ለማለት ያነሣሡኝን ጥቂት ስንኞች በመጨረሻ ላስፍር።

የላስቲክ አበባ ውኃ አይጠማውም፣
ቢጫ ቅጠል የለው የሚናገር ሕመም፤
እኔ ግን ወደድሁት ቢጫ ’ሚሆነውን፣
ጠውልጎ ’ሚነግረኝ የውኃዬን ኀዘን።